ከትግል በፊት ሰውነትን ስለ ማሟሟቅ

ትግል ከገና ጨዋታና ከጉግስ ጋራ የአገራችን የባህል ስፖርት ሆኖ የተቈጠረ ነው፤ እረኞችም ከብት ሲጠብቁ ይታገላሉ። በውጭ አገር ደግሞ ቦክስን፥ ትግልንና በእግር መምታትን ያጣመረ፥ ቅይጥ ማርሻል አርት የሚባል ውድድር አለ፤ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ ከተደረገው ግጥሚያ ወዲህ እጅግ ተስፋፍቷል። ነገር ግን ወጣቶች የሚያዩት ጥሎ ማሸነፉን ነው እንጂ፥ ታጋዩ አስቀድሞ ሰውነቱን እንዴት እንዳዘጋጀ አይደለም። ስለዚህ ከብርድ ተነሥተው በቀጥታ ይያያዛሉ፤ እንዲህ ሲያደርጉም ወለምታና የጡንቻ መሸምቀቅ በቶሎ ያገኛቸዋል።

በገበሬ ቤት የልጅ ጉልበት የቤቱ ሞፈርና ቀንበር ነው፤ ልጁ አንድ ወር ቢተኛ ከትምህርቱም ከሥራውም ይጐድላል። እንግዲህ ይህ ነገር የመምህሩ ብቻ ሳይሆን የሽማግሌውም ጉዳይ ነው።

ማሟሟቅ የሚጠቅምበት ምክንያት እንዲህ ነው። ጧፍ በብርድ ሲያጥፉት ይሰበራል፤ በእጅ አሙቀው ሲያጥፉት ግን ይታዘዛል። ጡንቻም ሲሞቅ በቀላሉ ይሳባል፥ ፈጥኖም ይሠራል። ደግሞም ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ ከልብ ከሚወጣው ደም ወደ ጡንቻ የሚሄደው ከመቶ 20 እጅ ያህል ነው፤ በብርቱ ሥራ ጊዜ ግን ከመቶ 80 እጅ ሊደርስ ይችላል። ይህ ለውጥ በአንድ ጊዜ የሚሆን አይደለምና፥ ልብና ሳንባ ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል።

የዓለም እግር ኳስ ማኅበር (ፊፋ) 20 ደቂቃ የሚፈጅ የማሟሟቂያ ሥርዐት አዘጋጅቶ ነበር፤ አዘውትረው በሠሩት ቡድኖች ዘንድ ጉዳት በሢሶ ያህል መቀነሱ በጥናት ታይቷል። ለታጋዮችም መንገዱ ከዚሁ የራቀ አይደለም።

ሥርዐቱም ከቀላል ወደ ከባድ ይሂድ። የአቋቋም ሊቃውንት ማኅሌት ሲቆሙ በጽፋት አይጀምሩም፤ በቁም ዜማ ጀምረው፥ በዝማሜና በመረግድ አልፈው ወደ ጽፋት ይደርሳሉ። እንደዚሁ መምህሩ ልጆቹን በአራት ደረጃ ይምራቸው።

1ኛ፤ 5 ደቂቃ ያህል በሜዳው ዙሪያ በእርምጃ፥ ቀጥሎም በዝግታ ሩጫ ይሂዱ። እየሮጡ መነጋገር ቢያቅታቸው ፍጥነቱ በዝቷልና ይቀነስ።

2ኛ፤ ቁርጭምጭሚትን፥ ዳሌን፥ ትከሻንና የእጅ አንጓን እያንዳንዱን 10 ጊዜ ያዙሩ፤ ጉልበትንም እያጠፉ ይዘርጉ። አንገትን በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ጐን ያዘንብሉ እንጂ፥ በራሳቸው ቆመው ክብደታቸውን በአንገት እንዲሸከሙ አይፈቀድም።

3ኛ፤ አንድ እግር ወደ ፊት አድርገው ዝቅ ብለው ይነሡ፥ በእጅና በእግራቸውም ይዳኹ። ከዚህ በኋላ በለስላሳ ሣር ላይ አወዳደቅን ይማሩ፤ ይኸውም አገጭን ወደ ደረት ስቦ፥ መሬቱን በክንድ ሁሉ መምታት ነው። መዳፉን ተመርኵዞ የሚወድቅ ልጅ አንጓው ሊሰበር ይችላል።

4ኛ፤ በክብደት የሚተካከሉት ጥንድ ጥንድ ሆነው፥ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው በግማሽ ኀይል ይገፋፉ። ከዚያም 1 ወይም 2 ደቂቃ ዐርፈው ትግሉን ይጀምሩ፤ ብዙ ከቈዩ ሰውነታቸው ተመልሶ ይበርዳል።

አንድን ጅማት ይዞ ረዥም ጊዜ መሳብ ግን ከትግሉ በኋላ ይሁን፤ ከ1 ደቂቃ በላይ ቢሳብ የጡንቻውን ኀይል ለጊዜው ይቀንሳልና።

የአገሩም ጠባይ ይታይ። ቦሬ ደጋ ስለ ሆነ በጧት ብርድ ልጆቹ እስኪሞቃቸው ልብሳቸውን ሳያወልቁ የመጀመሪያው ደረጃ ይረዝማል። ከቦሬ በክብረ መንግሥት በኩል ወደ ነገሌ ሲወርዱ ግን አየሩ ይሞቃል፤ በዚያ ፀሐይ ሳይበረታ መጀመር፥ ሩጫውን ማሳጠር፥ ውሃም ማቅረብ ይገባል።

ትኵሳት ያለበት ልጅ አይታገል፤ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን የሚያዞረው ወዲያው ያቁም፥ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ። ሽማግሌዎችም ልጆቹ ሲሟሟቁ ቢያዩ፥ «መቼ ነው የምትታገሉት?» ብለው አያስቸኵሏቸው፤ የሩብ ሰዓት ትዕግሥት ወራት ከመተኛት ያድናልና።