ከበጅሮንድ እስከ ምስጉን ሠራተኛ፦ የወለቃ እጆች ታሪክ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ወለቃ ይደርሳሉ። በመንገዱ ዳር ከሸክላ የተበጁ ትንንሽ አንበሶች፣ ወፎች፣ የንጉሥ ሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ምስሎች ተደርድረው ይሸጣሉ። ሠሪዎቹ ሴቶች ናቸው። አፈሩን ቆፍረው ያመጣሉ፣ ያቦኩታል፣ በእጃቸው ያበጁታል፣ ሲደርቅም በኩበትና በእንጨት እሳት ይተኩሱታል። ጥሩ እቃ ያየ ሰው «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ብሎ ይመርቃል። ምርቃቱ ከልብ ነው። የሠሪዋን ስም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ወለቃ ለረጅም ዘመን የቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ መንደር ነበረች፤ ወንዶቹ ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች። ስለ ሠራተኛ ሽልማትና ምስጋና ስጽፍ ከቢሮ ሳይሆን ከዚህ የምነሳው፣ የሠራተኛ ክብር ሲሰጥም ሲነፈግም ምን እንደሚያደርግ ይህ መንደር ስላየ ነው።

ነገሩ ከመሬት ይጀምራል። አፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ፣ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ማዘዛቸው በታሪክ ይነገራል። ርስት የሌለው ገበሬ ወይ የሰው ጭሰኛ ይሆናል፣ ወይ በእጁ ሙያ ያድራል። ብዙዎቹም ወደ ብረቱ፣ ወደ ሸማውና ወደ ሸክላው አዘነበሉ።

ከዚያ ጎንደር መጣች። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ሲቆረቁሩ ድንጋይ ጠራቢ፣ ግንበኛና አናጺ በብርቱ ተፈለገ። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ኲሪን እንዳሳየው፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጺዎች ለሥራቸው መሬት ያገኙ ነበር፤ አለቆቻቸውም አዛዥና በጅሮንድ የሚል ማዕረግ ተሰጥቷቸዋል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በዚያ ዘመን ሽልማት ሲባል በአብዛኛው የጦረኛ ነበር፤ ካባው፣ ለምዱ፣ ጎራዴው፣ ባለ ወርቅ ኮርቻ በቅሎው ጠላት ለጣለ ይሰጥ ነበር። መዶሻና መሮ የያዘ እጅ በማዕረግ መጠራቱ ትልቅ ነገር ነው። ሽልማቱም ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ነበር፦ መሬቱ ቤተሰብ ያኖራል፣ ማዕረጉ በአደባባይ ያስጠራል። ማዕረጉ የደረሰው ለወንዶቹ ብቻ መሆኑ ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ ሸክላ ሠሪዋ በጅሮንድ አልተባለችም።

ይህ ክብር የቆመው በቤተ መንግሥቱ ላይ ነበር። ከ1761 ዓ.ም. በኋላ ዘመነ መሳፍንት ሲገባ ንጉሡ የስም ንጉሥ ሆነ፤ የሚያስገነባው አዳራሽም የሚሰጠው መሬትም አጣ። ማዕረጉና መሬቱ ሲርቁ ባለ ሙያው ከነሙያው ቀረ፤ ቀድሞ ያስከበረው እጅ ያስፈራ ጀመር። ቀጥቃጩ «ጠይብ» ተብሎ ተናቀ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል እየተባለ «ቡዳ» ተሰኘ። ማረሻውን ከእሱ የሚገዛው ገበሬ ማዕድ ሊጋራው አይወድም ነበር። ከዚህ የማነበው ነገር አንድ ነው፦ በሰጪው ፈቃድ ብቻ የቆመ ክብር ሰጪው ሲደክም አብሮ ይወድቃል።

አፄ ምኒልክ ይህን በሽታ አውቀውት ነበር። በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከለከሉ፤ ተሳዳቢው አንድ ዓመት እንዲታሰርም አዘዙ። አዋጁ አንድ ሌላ ቁም ነገር አለው። በሌላው አገር አዲስ ሥራ ያወጣ ሰው እየተመሰገነ ረዳት እንደሚጨመርለት ይጠቅሳል። ምስጋና ረዳት ካስከተለ ሥራ ያሰፋል፤ ይህን ከመቶ ዓመት በፊት መናገር አርቆ ማየት ነው። ሆኖም አዋጁ ስድብን ከለከለ እንጂ ለቀጥቃጩ ርስት አልሰጠም፣ ስድቡም በየገበያው ቀጠለ። መሬት በሕግ የደረሰው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ነው፤ ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ስደቱ መጣ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። የወለቃም ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ ሄዱ፤ ሸክላውን ዛሬ የያዙት በአብዛኛው ሌሎች የአካባቢው ሴቶች ናቸው።

የመሥሪያ ቤቶቻችን ጥያቄ ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን ጠይቆ፣ ደመወዝ ሲያንስ ሰው እንደሚከፋ፣ ለሥራ የሚያነሳሳው ግን ከሁሉ በላይ የሠራው ሥራ ውጤትና ምስጋናው እንደሆነ ጽፏል። ይህን ይዞ «እንግዲያው የምስክር ወረቀት ይበቃል» የሚል አለቃ ግን ጥናቱን አጣሞታል። ኑሮ ያስጨነቀውን ሠራተኛ በወረቀት ማጽናናት ንቀት ነው።

ሕጉ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቦነስንና የማትጊያ ክፍያን ከደመወዝ ትርጉም ውጭ ያደርጋቸዋል። የሥራ ስንብት ክፍያ ሲሰላ አይቆጠሩም ማለት ነው። የሥራ ውል ወይም የኅብረት ስምምነት ካላሰረው በቀር ሰጪው ዘንድሮ ሰጥቶ ለከርሞ ሊተወው ይችላል፤ እንደ ጎንደሩ ማዕረግ።

ምስጉን ሠራተኛ የሚለው ስም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ መሥሪያ ቤት ስሙ ሁሉን ለማዳረስ በየተራ ይዞራል፤ አምና አንተ፣ ዘንድሮ እሷ። ወይም ለአለቃ የቀረበ ይወስደዋል። ያን ጊዜ ሽልማቱ ከመቅረቱ ይብሳል፤ የለፋው ሰው ልፋቱን የሚያይ እንደሌለ በአደባባይ ይነገረዋልና። ሽልማት ዋጋ የሚኖረው መስፈርቱ ቀድሞ ሲታወቅ፣ የሚመርጠው ሰው ሥራውን በዓይኑ ያየ ሲሆን፣ የተመሰገነውም ነገር በስሙ ሲጠራ ነው። «በአገልግሎትዎ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የትኛው መዝገብ ተስተካከለ፣ የትኛው ታማሚ ዳነ፣ የትኛው ማሽን ተጠገነ?

የጎንደር አስጎብኚዎችና የቅርስ ኃላፊዎችም አንድ ድርሻ አላቸው። ፋሲል ግንብ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ጎብኚ ሲገባ ስለ ነገሥታቱ በደንብ ይነገረዋል። ድንጋዩን የጠረቡት ባለ ሙያዎችና በጅሮንዶቻቸው በዚያ ትረካ ውስጥ ስፍራ ይገባቸዋል። በወለቃም የምትገዙ ሁሉ የሠሪዋን ስም ጠይቁ፤ ከእቃው ሥር እንድትጽፈውም አበረታቱ። ሸክላው ገና እርጥብ ሳለ በስንጥር የተጫረ ስም ከተተኮሰ በኋላ አይለቅም።