ኩላሊት ሲደክም ስለ ምን አይታወቅም?

ወገቡን ያመመው ሰው ሁሉ «ኩላሊቴ ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያመው ጡንቻው ወይም አከርካሪው ነው። ጠጠር ያለበት ወይም ተሕዋስያን ያጠቁት ኩላሊት በርግጥ ያማል፤ ዳሩ ግን ሰውን ቀስ በቀስ ለሞት የሚያደርሰው የኩላሊት ድካም ብዙ ዓመት ያለ አንዳች ሕመም ሊቈይ ይችላል። ለውድ አንባብያን ለማስረዳት የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ኩላሊቶቻችን እያንዳንዳቸው የጭብጥ ያህል ሲሆኑ፥ በየአንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ረቂቅ ማጣሪያዎች አሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ይጠልላሉ። ይህ ሁሉ ሽንት ሆኖ ቢወጣ ኖሮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የደማችን ውሃ ባለቀ ነበር! ነገር ግን 99 ከመቶው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ከዚህም ሌላ ኩላሊት የደምን ግፊት ይቈጣጠራል፤ መቅኔ ቀይ ደም እንዲሠራ የሚያዝ ሆርሞንም ያመነጫል። ስለዚህ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙም ያንሳል።

ማጣሪያዎቹ ሲሞቱ በቦታቸው አዲስ አይተካም። የቀሩት ግን የሞቱትን ሥራ ደርበው ስለሚሠሩ ባለቤቱ ምንም አያውቅም። እኔ እንደሚመስለኝ ሰውን የሚያዘናጋው ይኸው ትጋታቸው ነው። የእግርና የፊት እብጠት፥ ማቅለሽለሽና ብርቱ ድካም የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከዘገየ በኋላ ነው።

ዋነኞቹ ጠላቶች የስኳር በሽታና የደም ግፊት ናቸው፤ ሁለቱም የማጣሪያዎቹን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያበላሻሉ። ሌላው ደግሞ ያሳዝናል፤ «ኩላሊቴ ነው» ያለው ሰው ለወገቡ ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ሲውጥ ደኅናውን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ብራይት ሰውነታቸው ያበጠ ሕመምተኞች ሽንት ሲሞቅ እንደ እንቁላል ነጭ እንደሚረጋ፥ ኩላሊታቸውም የተበላሸ እንደ ሆነ በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። የሚረጋው ከደም ያመለጠ ፕሮቲን ነው። ዛሬ ይህንኑ ሽንት ውስጥ የሚነከር ቍራጭ ወረቀት ወዲያው ያሳያል፤ የደም ክሬአቲኒን ምርመራ ሲጨመርበት የኩላሊቱ ጉልበት ምን ያህል እንደ ቀረ ይገመታል። ስኳር ወይም ግፊት ያለባቸው ወላጆች ሕመም ሳይጠብቁ በየዓመቱ ሊመረመሩ ይገባል።

ድካሙ ቀድሞ ከታወቀ ግፊትንና ስኳርን በመድኃኒት በመግታት፥ ጨውንም በመቀነስ ሊዘገይ ይችላል። (በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት እንደ ሆነ ወጥ የምትሠራውን እናት መጠየቅ ነው።) ውሃ በብዛት መጠጣት ጠጠርን ለመከላከል ይረዳል፤ ኩላሊቱ እጅግ ለደከመ ሰው ግን ውሃው መውጫ አጥቶ ሳንባውን ሊሞላ ስለሚችል ልኩን ሐኪም ይወስን።

ኩላሊቱ ፈጽሞ ያቆመ ሰው ደሙ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፥ አራት አራት ሰዓት ያህል በመሣሪያ ይታጠባል። የሆላንዱ ሐኪም ዊለም ኮልፍ በ1943 እ.ኤ.አ. አገሩ በጀርመን ተይዛ ሳለች ይህን መሣሪያ ሲሠራ የተጠቀመው ቋሊማ በሚሞላበት የሴሎፋን ቱቦ ነበር። በአዲስ አበባ መንገዶች በድምፅ ማጉያ ለኩላሊት ሕመምተኛ ገንዘብ ሲለመን የምንሰማው የእጥበቱ ወጪ ከብዙ ቤተ ሰብ አቅም በላይ ስለ ሆነ ነው። ንቅለ ተከላም በ2015 እ.ኤ.አ. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። አንድ ኩላሊቱን ለዘመዱ የሰጠ ጤነኛ ሰው በቀረው ይኖራል፤ የቀረውም ኩላሊት ጥቂት ገዝፎ ከሄደው ሥራ ብዙውን ይሸፍናል።