ሙቀቱን የማይመዝነው ምዘና

የሥራ አፈጻጸም፣ ማለትም አንድ ሠራተኛ የተሰጠውን ተግባር በተፈለገው ጥራትና ጊዜ የመወጣቱ መጠን፣ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በየጊዜው ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከጀማሪ መምህርነት እስከ መሪ መምህርነትና ከዚያም በላይ የሚዘልቀው የደረጃ ዕድገትም ከዚሁ ነጥብ ጋር የተያያዘ ነው። በመመዘኛው ውስጥ የትምህርት ዕቅድ ዝግጅት፣ ክፍለ ጊዜን ማክበርና ተከታታይ ምዘና ተራ በተራ ይሰፍራሉ። መምህሩ የሚያስተምርበት ክፍል ስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ ግን የሚጠይቅ ሣጥን የለም፤ ይህ ጉድለት በአዋሽ ሸለቆ፣ በተለይም በአፋር ክልል በምትገኘው ሚሌ፣ ጎልቶ ይታያል።

ሚሌ የመንገድ ልጅ ናት። ስሟን የምትጋራው ወንዝ ከወሎ ደጋ ወርዶ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሠሩት የደሴ–አሰብ መንገድም በባቲ በኩል ቆላውን አቋርጦ በዚያው አካባቢ ያልፋል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተቀሰቀሰው ጦርነት የአሰብ ወደብ ሲዘጋ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ቢዞርም መንገዱ ሚሌን አልተዋትም፤ የጉምሩክ ጣቢያው፣ የከባድ መኪና ሾፌሩና ነጋዴው ከተማዋን ይዘዋት ቀርተዋል። በእንዲህ ዓይነት ከተማ የቤት ኪራይና የምግብ ዋጋ የሚተመነው በአላፊ አግዳሚው ኪስ እንጂ በመምህር ደመወዝ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ ሲል፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመጣው የዋጋ ንረት ጭማሪውን ተሻምቶታል።

ደመወዝ ትጋትን ይወስናል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት የሥራ ሁኔታዎችን በሁለት ከፍሏቸዋል፤ አንዱ ክፍል ሠራተኛን የሚያተጋው ስኬት፣ ዕውቅናና ዕድገት ሲሆን፣ ሌላው ደመወዝ፣ የሥራ ቦታና አስተዳደር ነው፤ ይህኛው ሲጓደል ያማርራል፣ ሲሟላ ግን ብቻውን አያተጋም። ይሁንና የኸርዝበርግ መረጃ ሰጪዎች የፒትስበርግ አካባቢ መሐንዲሶችና የሒሳብ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ውኃ በጀሪካን እየቀዳ ወደ ክፍል የሚገባ መምህር በመካከላቸው አልነበረም።

ሙቀቱ በሞቃታማዎቹ ወራት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በሚሌ ቆላ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል እንደ ምጣድ ይግላል፤ ጠመኔው በላብ ይረጥባል፣ የደብተሩ ገጽ ከተማሪው ክንድ ይጣበቃል፣ ከኋላ ረድፍ ያለው ልጅም ጥያቄ ሳይሆን እንቅልፍ ይጫነዋል። በላቲን ፊደል የሚጻፈውን አፋርኛ የማያውቅ የደጋ መምህር ደግሞ የአርብቶ አደሩን ልጅ በሁለተኛ ቋንቋ ለመድረስ ይደክማል። ድርቅ ሲመጣ ቤተሰቡ ከብቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ የተማሪው መቅረትም መምህሩን ተከትሎ ነጥቡ ላይ ያርፋል።

በበረሃ ብዙ ዓመት ያስቆጠሩ መምህራን ከሁሉም አስቀድመው የሚያነሡት ገንዘቡን አይደለም፤ ሰው እዚህ ለማስተማር ሳይሆን ዝውውር ለመጠበቅ ይመጣል፣ አዲሱ መምህር ሻንጣውን ሳይፈታ የዝውውር ቅጽ ይጠይቃል፣ ይላሉ። የበረሃ አበል፣ ማለትም በአየር ንብረቱ አስቸጋሪነት ከደመወዝ በላይ የሚከፈለው ድጎማ፣ ከኑሮው ጋር ይራመዳል ወይ የሚለው ጥያቄ በስብሰባ ሲነሣ ግን መድረኩን የሚመራው ኃላፊ ጉዳዩ ከበላይ እንደሚታይ ተናግሮ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ያልፋል።

ውጤቱ ግልጽ ነው፤ መምህር ሲለዋወጥ የተማሪው ትምህርት ይቆራረጣል። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰመራ ዩኒቨርሲቲና የአካባቢው የመምህራን ማሠልጠኛ የአፋር ልጆችን ለማስተማር ሙያ ማብቃታቸው ዋናው ተስፋ ቢሆንም፣ የተወላጁም ክፍል ያው ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ መምህሩን የሚመዝነው ቅጽ ቀጣሪውንም ይመዝን፤ ጥላ፣ ውኃ፣ መኖሪያ ቤትና በወቅቱ የሚከፈል አበል ነጥብ ይሰጣቸው፣ ያላሟላም አካል ዝቅተኛ ውጤቱን በፊርማው ይቀበል።