ክፍት ባፍል ስፒከር

ክፍት ባፍል ስፒከር ማለት ድራይቨሩ በዝግ ሣጥን ውስጥ ሳይሆን፣ ከኋላው ምንም ክዳን በሌለው ሰሌዳ ላይ ተገጥሞ የሚሠራ የስፒከር ዓይነት ነው። ባፍል የሚባለው ይኸው ሰሌዳ ነው። ድራይቨር ደግሞ ማግኔቱ፣ የሽቦ ጥምጥሙና የሚርገበገበው ሾጣጣ ወረቀት (ኮን) በአንድነት ያሉበት፣ ሣጥን የሌለው ባዶ ስፒከር ነው።

ክፍት ባፍል ለመሥራት ሰሌዳ፣ ድራይቨርና ጥቂት ብሎኖች ስለሚበቁ ስፒከር በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ይወዱታል። ሆኖም ሣጥን ስለሌለው የቤዝ ድምፁ በቀላሉ ይጠፋል። ምን ያህል እንደሚጠፋ የሚወስነው የሰሌዳው ስፋት ሲሆን፣ ከጠፋው ምን ያህሉ እንደሚካካስ የሚወስነው ድራይቨሩ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ለየብቻ አይመረጡም። ለሣጥን ተብሎ የተሠራ ውድ ድራይቨር በክፍት ባፍል ላይ ከርካሹ ያነሰ ቤዝ ሊሰጥ ይችላል።

ታሪክ

የዛሬው ስፒከር መሠረት የሆነውን፣ በሽቦ ጥምጥም የሚንቀሳቀስ ኮን ያለውን ስፒከር የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጡት ጽሑፍ ገልጸውታል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የቤት ራዲዮኖች ጀርባ ክፍት ወይም በተበሳሳ ካርቶን የተሸፈነ ነበር፤ ስለዚህ እነዚህ ራዲዮኖች በአሠራራቸው የክፍት ባፍል ዘመዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤድጋር ቪልቹር በትንሽ ዝግ ሣጥን ጥልቅ ቤዝ የሚሰጥ ስፒከር ካቀረበ በኋላ ሣጥን እየተስፋፋ ሄደ።

ክፍት ባፍልን በስሌት ከመረመሩትና በአማተር ሠሪዎች ዘንድ ካስፋፉት መሐንዲሶች መካከል ዚግፍሪድ ሊንክዊትዝ (1935–2018) ይጠቀሳል። ኦሪዮንና ኤልኤክስ521 የተባሉት ንድፎቹ በክፍት ባፍል ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

የፊትና የኋላ ድምፅ

ኮኑ ወደፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ የሚወጡት ሞገዶች መጠናቸው እኩል፣ አቅጣጫቸው ግን ተቃራኒ ነው። የኋላው ሞገድ በሰሌዳው ጠርዝ ዞሮ ከፊተኛው ጋር ሲገናኝ እርስ በርስ ይሰራረዛሉ።

የስረዛው መጠን የሚወሰነው በሞገዱ ርዝመት ነው። የ50 ሄርዝ ድምፅ ርዝመቱ 7 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ግማሽ ሜትር በማትሞላ ሰሌዳ ዙሪያ መዞር ለእርሱ ምንም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ሞገዶች ተቃራኒ እንደሆኑ ይገናኛሉ። የ500 ሄርዝ ድምፅ ግን ርዝመቱ 69 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የሚዞረው ርቀት የዚህ ግማሽ በሚሆንበት ጊዜ የኋላው ሞገድ ዘግይቶ ስለሚደርስ ከፊተኛው ጋር ይደመራል እንጂ አይሰርዘውም።

የባፍል ስፋት ስሌት

ድራይቨሩ በሰሌዳው ስፋት መካከል ላይ ከተገጠመ የኋላው ሞገድ የሚጓዘው ተጨማሪ ርቀት የስፋቱ ግማሽ ያህል ነው። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ሲሆን ሦስት ወሳኝ ድግግሞሾች ይገኛሉ፦

የእኩልነት ድግግሞሽ = 343 ÷ (3 × ስፋት)። እዚህ ላይ የኋላው ሞገድ አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ከዚህ በታች ግን ድምፁ በየኦክታቩ (ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር) 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል።
የጉብታ ድግግሞሽ = 343 ÷ ስፋት። እዚህ ላይ ሁለቱ ሞገዶች ይደመራሉ።
የጉድጓድ ድግግሞሽ = 686 ÷ ስፋት። እዚህ ላይ እንደገና ይሰራረዛሉ።

በዚህ ስሌት መሠረት (ስፋቱ በሜትር ተወስዶ)፦

የ40 ሴንቲሜትር ሰሌዳ፦ እኩልነት 286፣ ጉብታ 858፣ ጉድጓድ 1715 ሄርዝ
የ60 ሴንቲሜትር ሰሌዳ፦ እኩልነት 191፣ ጉብታ 572፣ ጉድጓድ 1143 ሄርዝ
የ80 ሴንቲሜትር ሰሌዳ፦ እኩልነት 143፣ ጉብታ 429፣ ጉድጓድ 858 ሄርዝ
የ100 ሴንቲሜትር ሰሌዳ፦ እኩልነት 114፣ ጉብታ 343፣ ጉድጓድ 686 ሄርዝ

እስከ 40 ሄርዝ ድረስ ምንም ቤዝ እንዳይጠፋ ከተፈለገ ሰሌዳው 2.9 ሜትር ገደማ ስፋት ያስፈልገዋል። ይህ ለመኖሪያ ቤት ስለማይመች በተግባር ሰሌዳው ጠበብ ይደረግና ጉድለቱ በድራይቨሩ ይካካሳል።

ስሌቱ ግምት ነው። ሰሌዳው ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ ረዘም ካለና ወለል ላይ ከቆመ በላይና በታች ያለው መንገድ ስለሚረዝም ውጤቱ ከተሰላው ትንሽ ይሻላል።

ድራይቨር መምረጥ

የድራይቨርን ጠባይ የሚገልጹት ቁጥሮች ቲል-ስሞል መለኪያዎች ይባላሉ፤ ስያሜያቸውን ያገኙት ከኔቪል ቲልና ከሪቻርድ ስሞል ነው። ለክፍት ባፍል ከሁሉ በፊት የሚታዩት አራት ናቸው።

ኪውቲኤስ። ኮኑ በራሱ የተፈጥሮ ንዝረት (ሬዞናንስ) አካባቢ ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ጠንካራ ማግኔት ኮኑን በደንብ ስለሚገታው ኪውቲኤሱ ዝቅ ይላል። ኪውቲኤሱ 1 የሆነ ድራይቨር በሬዞናንሱ ላይ የድምፁን መጠን እንደጠበቀ ሲቆይ፣ 0.35 የሆነው በ9 ዴሲቤል ይወርዳል። ለሣጥን ዝቅተኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ይመረጣል፤ ኢኳላይዘር ለሌለው ክፍት ባፍል ግን ከ0.7 እስከ 1.2 ያለው ይስማማል። በመኪና በር ወይም በኋላ መደርደሪያ ላይ ያለ ሣጥን እንዲገጠሙ የተሠሩ አንዳንድ የመኪና ስፒከሮች ኪውቲኤሳቸው ከፍ ያለ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ያገለግላሉ።

ኤፍኤስ። የሬዞናንሱ ድግግሞሽ ነው። ከእርሱ በታች የድራይቨሩ 12 እና የባፍሉ 6 ዴሲቤል ተደምረው ድምፁ በየኦክታቩ 18 ዴሲቤል ስለሚወድቅ፣ የቤዙ ወሰን ኤፍኤስ ነው ማለት ይቻላል። ለቤዝ ድራይቨር ከ30 እስከ 45 ሄርዝ ያለው ጥሩ ነው።

የኮን ስፋትና ጉዞ (ኤስዲ እና ኤክስማክስ)። በዝግ ሣጥን ተመሳሳይ ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ለማሰማት ኮኑ 4 እጥፍ መጓዝ ሲኖርበት፣ በክፍት ባፍል 8 እጥፍ መጓዝ አለበት። በዚህ ምክንያት ትልቅ ኮን ይመረጣል። የ15 ኢንች ድራይቨር ኮን 850 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን የ8 ኢንቹ 215 ያህል ነው፤ ስለዚህ አንዱን ትልቅ ለመተካት አራት ትናንሾች ያስፈልጋሉ።

ሴንሲቲቪቲ። በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት የሚሰማው የድምፅ መጠን ነው። የቤዝ ድራይቨሩ ከላይኛው ድራይቨር 6 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ ትርፉ የባፍሉን ጉድለት ይሸፍናል። ሁለት ተመሳሳይ የቤዝ ድራይቨሮችን በትይዩ ማገናኘትም 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ነገር ግን ኦሙ በግማሽ ስለሚቀንስ አምፕሊፋየሩ ይህን መቻል አለበት።

የስሌት ምሳሌ

ሰሌዳው 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ይሁን። የእኩልነት ድግግሞሹ 190 ሄርዝ ገደማ ስለሆነ በ95 ሄርዝ 6፣ በ48 ሄርዝ ደግሞ 12 ዴሲቤል ይጠፋል። ኤፍኤሳቸው 48 ሄርዝ የሆነ ሁለት ድራይቨሮች ቢወዳደሩ፣ ኪውቲኤሱ 0.35 የሆነው በዚያ ድግግሞሽ በጠቅላላው 21 ዴሲቤል ሲያጎድል፣ ኪውቲኤሱ 1 የሆነው 12 ብቻ ያጎድላል። የ9 ዴሲቤሉን ልዩነት በኢኳላይዘር ለመሙላት 8 እጥፍ ያህል የአምፕሊፋየር ኃይል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ድራይቨር ሴንሲቲቪቲው 96፣ ከላይ ያለው ባለ ሙሉ ድምፅ ድራይቨር ደግሞ 90 ዴሲቤል ከሆነ፣ ክሮስኦቨሩ በ95 እና በ190 ሄርዝ መካከል ያለውን ትርፍ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። ያን ጊዜ ድምፁ እስከ 95 ሄርዝ የተስተካከለ ሲሆን በ48 ሄርዝ የሚቀረው ጉድለት 6 ዴሲቤል ብቻ ይሆናል።

ዝቅተኛ ኪውቲኤስ ያለው ድራይቨር ፈጽሞ አይሆንም ማለት ግን አይደለም። የኮኑ ጉዞ ረጅም ከሆነና በቂ ኃይል ያለው አምፕሊፋየርና ኢኳላይዘር ካለ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። የሊንክዊትዝ ንድፎች በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

ሰሌዳውን መሥራት

122 በ244 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ኮምፔንሳቶ ሲቆረጥ 60 በ120 የሆኑ አራት ክፍሎች ይወጡታል፤ ሁለቱ ለግራና ለቀኝ ባፍል፣ የቀሩት ለመቆሚያና ለጎን ድጋፍ ይሆናሉ። ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ሰሌዳው ከኮኑ ጋር አይንቀጠቀጥም።

ድራይቨሩ ከግራና ከቀኝ ጠርዝ በእኩል ርቀት መሆን የለበትም። ርቀቶቹ ሲለያዩ ጉብታውና ጉድጓዱ በአንድ ድግግሞሽ ላይ ስለማይከማቹ ድምፁ ይለሰልሳል። ትንሽ ድራይቨር በወፍራም ሰሌዳ ላይ ሲገጠም የቀዳዳው የኋላ ጠርዝ በሰያፍ መላግ አለበት፤ አለበለዚያ የኋላው አየር በጠባብ ቱቦ ውስጥ እንደሚያልፍ ይታፈናል።

ቦታ ከጠበበ ሰሌዳውን ከማስፋት ይልቅ ጎኖቹን ወደ ኋላ ማጠፍ ይቻላል። ይሁን እንጂ የታጠፈው ክፍል የራሱ ሬዞናንስ አለው፤ ጥልቀቱ 30 ሴንቲሜትር ከሆነ በ286 ሄርዝ አካባቢ ስለሚያስተጋባ የቤዝ ድራይቨሩ ከዚያ በታች በክሮስኦቨር መቆረጥ አለበት።

አቀማመጥ

ክፍት ባፍል ወደፊትና ወደኋላ እኩል ድምፅ ይሰጣል፤ ወደ ጎን ግን ሁለቱ ሞገዶች ስለሚሰራረዙ ድምፁ እጅግ ይቀንሳል። በዚህ የ8 ቁጥር ቅርጽ ምክንያት ወደ ክፍሉ የሚሠራጨው ጠቅላላ የድምፅ ኃይል፣ ከፊት እኩል እየተሰማ በሁሉም አቅጣጫ ከሚያሰማ ስፒከር አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። ከጎን ግድግዳ የሚመለሰው ማስተጋባት ስለሚያንስ ድምፁ ጥርት ያለና ከሣጥን የነጻ ሆኖ ይሰማል።

የኋላው ድምፅ ግን ከግድግዳ ይመለሳል። ግድግዳው በጣም ከቀረበ ሁለቱ ድምፆች ስለሚደራረቡ ባፍሉን ቢያንስ 1 ሜትር ያህል ማራቅ ይመከራል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ይህን ያህል ቦታ ካልተገኘ ዝግ ሣጥን የተሻለ ምርጫ ነው።