ከኮርኒሱ በላይ የቀረው ቦታ

ስለ ጠባብ ቤት ሲነሣ በአብዛኛው የሚቆጠረው የወለሉ ካሬ ሜትር ነው፤ ይሁን እንጂ የአንድ ቤት አቅም ከወለል እስከ ጣሪያ ባለው ከፍታና አንዱ ቦታ ቀንና ሌሊት በሚሰጠው የተለያየ አገልግሎት ጭምር ይወሰናል። በአዊ ዞን ከተሞች፣ በእንጅባራና በዳንግላ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ከገጠር ስንቃቸውን ይዘው መጥተው የሚማሩ ተማሪዎች፣ አልጋውንም ምድጃውንም የእህሉን ከረጢትም በአንድ ወለል ላይ ስለሚያኖሩ ጉዳዩ የየዕለት ችግራቸው ነው። መፍትሔው ግን ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም።

የደጋው ጎጆ ቤት ከቅርጹ ጀምሮ ቆጣቢ ነው። ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ክብ ቤት 28 ካሬ ሜትር ገደማ ወለል ሲኖረው የግድግዳው ዙሪያ ከ19 ሜትር አይበልጥም፤ ያንኑ ስፋት ያለው፣ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ባለ አራት ማዕዘን ቤት ግን ከ21 ሜትር በላይ ግድግዳ ይጠይቃል። በመሆኑም ክቡ ቤት እንጨትና ጭቃ ከመቆጠቡ ሌላ፣ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው እንጅባራ ለብርድ የሚጋለጠውን ግድግዳ ያሳንሳል። በውስጡም ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃ የሚሠራው መደብ ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ ይሆናል፤ የእህል ማኖሪያው ጎታ በመቆሙ ብቻ ጓዳውን ይከልላል፤ በእንጨት ተረብርቦ ከፍ ብሎ የሚሠራው ቆጥ ደግሞ ወደ ላይ የሚወጣውን ሙቀት ለመኝታ ወይም ለእህል ማድረቂያ ያውለዋል። የምድጃው ጭስ የሣር ክዳኑንና እንጨቱን ከተባይ ቢጠብቅም ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ የጎጆ ቤት አወዳሾች ብዙ ጊዜ የሚዘልሉትም ይህንኑ ነው።

የከተማው ቆርቆሮ ቤት ከእሳትና ከፍሳሽ በኩል የተሻለ ሆኖ ሳለ ከፍታውን አባክኗል። ቆርቆሮ ቀን ሙቀትን፣ ሌሊት ብርድን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ፣ ነዋሪው በግድግዳው ጫፍ ልክ በአቡጀዲ፣ በጆንያ ወይም በችፑድ ኮርኒስ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ለአይጥ ይቀራል። ወርዱ 5 ሜትር የሆነ ቤት ጣሪያው በሁለት ወገን 20 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ መሐሉ ላይ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይገኛል፤ ይህም ዕቃ ለማስቀመጥ ይበቃል፣ ለመኝታ ግን ይጠባል። በግንባታ ጊዜ ግድግዳውን በግማሽ ሜትር ማሳደግ፣ የጣሪያውን ስፋት ሳይጨምር፣ ይህን ቦታ የመኝታ ቆጥ ያደርገዋል።

በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ጠባብነትን በሌላ መንገድ ተቋቁሟል፤ በስቱዲዮ ውስጥ የማይመቹትን እርድን፣ በእንጨት ማብሰልንና ልብስ ማጠብን ወደ ጋራ መገልገያ ሕንፃ አውጥቷል። ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም እንጀራዋን ይዛ አራት ፎቅ ለምትወጣ እናት ቀላል አልሆነም። አንድ ግቢ ተጋርተው ለሚኖሩ የእንጅባራ ተከራዮች ግን፣ ማብሰያው በረንዳው ዳር ላይ በጋራ ቢሠራ፣ ጭሱም ምድጃው የያዘው ቦታም ከመኝታው ይወጣ ነበር።

ለቆጥ የሚሆነው ቁሳቁስ በአካባቢው ሞልቷል፤ ለአጥር፣ ለወንበርና ለቅርጫት የሚውለው የደጋ ቀርከሃ ቀላልና ጠንካራ ነው። ይሁንና ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ሲደርቅ ስለሚጨማደድ፣ ምስማር ሲመታበትም ስለሚሰነጠቅ፣ የበሰለውን መርጦ በበጋ መቁረጥ፣ ነቀዝ እንዳይበላው በቦሮን ውሕዶች ማከምና መጋጠሚያውን በመሰርሰሪያ በስቶ በብሎን ማሰር ወይም በገመድ መጠፈር ይገባል። የቆጡ ክብደትም ወለሉ ላይ በሚቆሙ ቋሚዎች እንጂ በጭቃው ግድግዳ ላይ ሊያርፍ አይገባም። ይህ የደኅንነት ጥያቄ ሆኖ ሳለ ለተከራዩም ይበጃል፤ ግድግዳውን ያልነካ፣ በራሱ እግር የቆመ ቆጥ የአከራይ ፈቃድ አይሻም፤ የኪራይ ውሉ ሲያልቅም ተፈትቶ ከአልጋው ጋር ይጫናል።