ባሕር የሚሸረሽራት መንደር፦ ጉዞ ወደ ኪቫሊና

በአላስካ ወደምትገኘው ኪቫሊና የሚያቀና መንገደኛ በመኪና መድረስ አይችልም። ከአንከሬጅ ተነስቶ በጄት አውሮፕላን ወደ ኮትዘቡ ይበርራል፤ ከዚያም ጥቂት ሰዎችን ብቻ በምትይዝ አነስተኛ አውሮፕላን ወደ ሰሜን ምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ጉም ከወረደ ወይም ነፋስ ከበረታ ሰማዩ እስኪጠራ መጠበቅ ግድ ነው።

ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን ያለችው ይህች መንደር ከላይ ስትታይ በቹክቺ ባሕርና በጀርባዋ ባለው ጥልቀት የለሽ የባሕር ሰርጥ መካከል የተዘረጋች ቀጭን የአሸዋ ደሴት ናት። ከ400 የሚበልጡት ነዋሪዎቿ በአብዛኛው የኢኑፒያት ተወላጆች ናቸው። አባቶቻቸው አደን ተከትለው በየወቅቱ ይዘዋወሩ ነበር፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ መንግሥት በደሴቷ ላይ ትምህርት ቤት ሲከፍት ግን በዚያው ረጉ። ዛሬም የባሕር አቆስጣና አሳ የዕለት ምግባቸው ነው።

የመንደሯ ጋሻ በረዶ ነበር። ቀደም ባሉት ዘመናት ባሕሩ በመጸው ወራት ስለሚረጋ ማዕበል ከዳርቻው አይደርስም ነበር። አሁን በረዶው ዘግይቶ ይመጣል፤ ማዕበሉም ያልተሸፈነውን አሸዋ ይመታል። ከሥር ያለው ፐርማፍሮስት፣ ማለትም ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚቆይ አፈር፣ ሲቀልጥ ደግሞ መሬቱን አንድ ላይ ይዞ የነበረው ማሰሪያ ይላላል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የተሠራው መከላከያ ግንብ ብዙም ሳይቆይ በማዕበል ተጎዳ፤ በኋላም በድንጋይ ክምር ተተካ። በ2008 መንደሯ ኤክሰንሞቢልን ጨምሮ በርካታ የኃይል ኩባንያዎችን ለአየር ንብረት ለውጡ ተጠያቂ ናቸው ስትል ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱ ግን በቀጣዩ ዓመት ክሱን ውድቅ አደረገው።

ከዚያ ወዲህ የባሕር ሰርጡን ተሻግሮ ወደ ዋናው ምድር ኮረብታ የሚያደርስ የአደጋ ጊዜ ማምለጫ መንገድ ተሠርቷል፤ በኮረብታው አቅራቢያም አዲስ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። መኖሪያ ቤቶችን ማዛወር ግን ከፍተኛ ገንዘብ ይጠይቃል። ከመቶ ዓመት በፊት ትምህርት ቤት ወደ ደሴቷ የሳበው ሕዝብ ዛሬ ሌላ ትምህርት ቤት ከደሴቷ ውጭ ቆሞለታል፤ ቤቱ ግን ገና ከባሕሩ ዳር ነው።