ክራር አንሺዋ አስናቀች ወርቁ በፊልም

ፍላቂት፦ የሕይወት ታሪክ ፊልም በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ባለታሪኩን በተዋናይ መተካት ነው። እ.አ.አ በ2009 ለዕይታ የበቃው የሻምበል አበበ ቢቂላ ፊልም የዚህ ዓይነት ነው፤ የአትሌቱን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ራሴላስ ላቀው ነበር። ሁለተኛው ባለታሪኩን ራሱን ማናገር ነው። ይህኛው ቀጠሮ አይሰጥም፤ ሰው ካለፈ በኋላ የሚናገረው ሌላ ነው።

የራሔል ሳሙኤል “አስኒ” ዘጋቢ ፊልም ሁለተኛውን መንገድ ተከትሏል። ባለታሪኳ አርቲስት አስናቀች ወርቁ ናቸው። አስናቀች እናታቸውን በልጅነታቸው አጥተው በሰው እጅ አደጉ፤ ክራርንም በራሳቸው ጥረት ለመዱ። በ1940ዎቹ አጋማሽ መድረክ ላይ ሲወጡ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ሴት የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ለረጅም ዓመታት በብሔራዊ ቴአትር ሠርተዋል። እ.አ.አ በ2003 ደግሞ በፈረንሳይ የሚታተመው “ኢትዮፒክስ” የተሰኘው የሙዚቃ ስብስብ 16ኛ ቅጹን ለእሳቸው ሰጥቷል።

ዝናው ግን ስድብን አላስቀረላቸውም። በዘመናቸው ክራር ያነሳች ሴት “አዝማሪ” ተብላ ትናቅ ነበር። ይህን ለመረዳት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በሠርጋችን መሰንቆ መቺ ጠርተን፣ ግንባሩ ላይ ብር እየለጠፍን፣ የራሳችን ልጅ ክራር ብታነሳ የምንቆጣ ጥቂቶች አይደለንም። የሚገርመው አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ ከወሎ ምድር ነው።

የፊልሙ ጥንካሬ፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ አርቲስቷን መልአክ አለማድረጉ ላይ ነው። ፍቅራቸው፣ ድፍረታቸውና ብቸኝነታቸው አብረው ቀርበዋል። ከዝናው በስተጀርባ የተከፈለውን ዋጋ ደብቆ ስኬቱን ብቻ ቢያሳይ ኖሮ ሙገሳ እንጂ ታሪክ ባልኾነ።

አስናቀች በመጨረሻ ዘመናቸው በሕመም ቤት ውለው ነበር። ታሪካቸውን በራሳቸው አንደበት ያስቀሩትም በዚያ ጊዜ ነው። በመስከረም 2004 ዓ.ም አረፉ፤ ፊልሙ የወጣው ደግሞ እ.አ.አ በ2013 ነው። ቀረጻው ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ድምጻቸው በሸክላና በካሴት ብቻ ይቀር ነበር።

በመቄትና በላስታ ቀበሌዎች በመሰንቆና በክራር ያረጁ ሰዎች አሉ። ልጆቻቸው በእጃቸው የያዙት ስልክ ደግሞ ድምጽም ምስልም ይቀርጻል። ከዘፈኑ በፊት ስማቸውን፣ የትውልድ ቀበሌያቸውንና ቅኝቱን ከማን እንደተማሩ ማስነገር ይጠቅማል፤ ዘፈኑን ሌላ ሰው ሊደግመው ይችላል፣ ይህን ግን ከእነሱ በቀር የሚያውቅ ላይኖር ይችላል።